የአዋቂ ፊልም

ባለፈው ሳምንት ለክትባት ሄጄ፣ ክሊኒኩ መግቢያ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። «የአዋቂዎች ክትባት በዚህ በኩል» ይላል፤ ቀስቱ ወደ ቀኝ ያመለክታል። ዕድሜዬ ሰባ አምስትን አልፏል፣ ጉልበቴም እሺ አይለኝም፣ ግን እዚያው በር ላይ ቆሜ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። ይዛኝ የሄደችው የእህቴ ልጅ ደነገጠች። «አክስቴ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ አዋቂ ነሽ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው» አልኳት። እሷ ምን ታውቃለች፣ ነገሩ የሆነ ጊዜ ገና አንደኛ ክፍል ነበረች። ይህችን «አዋቂ» የምትባል ቃል ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ከዚያ ሳቄን የሚያቆመው ነገር ይከተላል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ሁለቱም ተከታትለው መጡብኝ።

ዓመቱን በትክክል አልይዘውም። ቤንዚን በጋሎን አራት ዶላር የገባበት ሰመር እንደነበር ግን አልረሳም፤ ታክሲ የሚነዱት ወንዶች ሁሉ ከሰላምታ በፊት የቤንዚን ዋጋ ይነግሩን ነበርና። ፕሬዚዳንት ሊመረጥ ነበር መሰለኝ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ስለሱ ይጮሃል፤ እኔ የማስታውሰው ግን ሌላ ሌላውን ነው። ወጣቶቹ ሴቶች ከኋላው የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ ያለበት የከፋይ ቱታ ይለብሱ ነበር። የወንዶቹ ሱሪ ሁለት ሰው ይይዝ ነበር። ስልካችን ታጣፊ ስለነበር ሰው ሲያናድደን ጥርቅም አድርገን መዝጋት እንችል ነበር፤ አሁን መስታወት በጣት ነክቶ መናደድ ምኑም አይጥምም። ባለ አምስት ዶላሩ የስልክ ካርድ አገር ቤት ግማሽ ሰዓት ያስወራል ተብሎ ይሸጥና ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ሄሎ፣ ሄሎ» እያስባለ ይቆረጥ ነበር። እኔ ዳላስ አጠገብ ፋርመርስ ብራንች ውስጥ ሻማ የሚታሸግበት ዌርሃውስ እሠራ ነበር። አገር ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ አማርኛ ያስተማርኩ ሰው፣ እዚህ የሻማ ሣጥን ላይ ቴፕ እለጥፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ቫኒላና ቀረፋ ተነክሬ ስለምወጣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ዞር ብሎ ያሸተኝ ነበር። መኪና መንዳት እምቢ ብዬ አልተማርኩም፤ ዳላስ ውስጥ መኪና የማይነዳ ሰው እንደ በሽተኛ ነው የሚታየው፣ እኔ ግን ግድ አልሰጠኝም።

የምኖርበት አፓርታማ ከፎረስት ሌን ገባ ብሎ ነው። ማዕዘኑ ላይ የልብስ ማጠቢያ፣ የቬትናሞች ጥፍር ቤትና የእኛ ሰው የቪዲዮ ቤት ተደርድረው ነበር። የቪዲዮ ቤቱ በርበሬም የስልክ ካርድም ይሸጣል፤ ዋናው ግን ከአገር ቤት የሚመጣው ፊልም ነው፣ ሁለት ዶላር ለሦስት ቀን። ሽፋኑን ሳላነበው አውቀው ነበር። አንዲት የምታለቅስ ሴት፣ አንድ ከረባት ያሰረ ወንድ፣ ከኋላቸው ደግሞ የሁለቱም ያልሆነ መኪና። ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ ይጋፋ ነበር። የሁሉም ቀዳሚ ደግሞ ሰይድ ነው። ሰይድ ከእኔ ቤት ሥር ካለው ቤት ከባለቤቱ ከዘይነባ ጋር የሚኖር የደሴ ሰው ነው። ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ መኪናው ውስጥ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የወሎ ትዝታ፣ ዓርብ መንዙማ ያሰማል። ዘይነባ ቤቷ ውስጥ ልጆች ትጠብቃለች። ስድስት ነበሩ፣ እናቶቻቸው ሆስፒታልና ቢሮ የሚሠሩ የእኛው ሴቶች ናቸው። ስቴቱ የሰጣትን ፈቃድ ፍሬም አስገብታ ሳሎኗ ላይ ሰቅላዋለች፣ ሁልጊዜ ትወለውለዋለች። አገር ቤት ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናትና ስሟ የተጻፈበት የመጀመሪያው የመንግሥት ወረቀት እሱ ነበር። ቅዳሜ የሚሠሩ እናቶች ልጆቻቸውን ሲያመጡ፣ ሰይድ ፊልሙን ይከትና ሁሉም ምንጣፉ ላይ ይደረደራሉ። ልጆቹ ግማሹን አማርኛ አይሰሙትም፤ ተዋናይዋ ስታለቅስ ግን አብረዋት ያለቅሱ ነበር። እኔም እዚያው ሶፋ ላይ ሆኜ ሻይ ይዤ ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ።

ሜሮን የመጣችው በዚያ ሰመር ነው። እናቷን ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ፤ ልጅቷ በሕፃንነቷ መጥታ እዚሁ አድጋ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። «እማማ ጥሩ፣ አንቺ... ሶሪ፣ እርስዎ... የሆነ ወረቀት ትራንስሌት ታደርጊልኛለሽ?» አለችኝ። አንቺና እርስዎን ስትቀላቅል አልቀየማትም፤ እዚህ ያደጉ ልጆች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ምንድን ነው ወረቀቱ ስላት አንገቷን አቀረቀረች። «ሶ፣ ሪሰርች ነው። ማለቴ፣ ሰዎች ልብስ አውልቀው የሚሠሩት ፊልም አለ አይደል? እሱን የሚያይ ሰው ምን ይሆናል ነው ጥያቄው።» ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ነገር ያስተምራል ወይ ስላት «አያስተምርም፣ ይጠይቃል» አለች። አንዱ ባል ሚስቱን እንዲንቅ ያደርጋል ይላል፣ ሌላው ኃይለኛ ያደርጋል ይላል፣ ሌላው ደግሞ ምንም አያደርግም፣ ቀድሞም ክፉ የነበረው ነው ክፉ የሚሆነው ይላል፤ ፕሮፌሰሮቹ ራሳቸው አልተስማሙም፤ የእኛን ሰው ግን ጭራሽ የጠየቀው የለም፣ አለችኝ።

«ምኑ ይጠየቃል፣ መከልከል ነው እንጂ» አልኳት።

«ኦኬ፣ ግን ምን እንደሚያደርግ ሳናውቅ?»

«አንዳንድ ነገር ሳይጠየቅም ይታወቃል።»

«እማማ፣ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚለኝ። ግን ሁሉም የሚያውቀው የተለያየ ነው» አለች። ትህትናዋ ነው መሰለኝ ያሸነፈኝ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ኩራቴም አለበት፤ ሻማ ሳሽግ በኖርኩባቸው ዓመታት አማርኛዬን የፈለገ ሰው አልነበረም። እሺ አልኳት።

ችግሩ ቃሉ ላይ መጣ። እሷ «ፖርኖ ብለሽ ጻፊው፣ ሰው ያውቀዋል» አለች። በእጄ ጽፌ ለሽማግሌ አልሰጥም አልኩ። «ወሲብ» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ አውቀዋለሁ፣ ተማሪ ጮክ ብሎ ሲያነበው ገጹን አስገልጬ አልፌዋለሁ፤ ከአፌ ግን ወጥቶ አያውቅም። ሟቹ ባለቤቴ እንኳ አልሰማኝም። «ሩካቤ» ልበል አልኩና ከካህን በቀር ማን ሊረዳው ብዬ ተውኩት። ሁለት ቀን እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ እንግሊዞቹ ራሳቸው በጨዋ ቋንቋ የሚሉትን ወስጄ «የአዋቂ ፊልም» ብዬ ጻፍኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ጥያቄውም፣ ከላዩ ያለው ደብዳቤም ሁሉ በዚያው አለቀ፣ አንድም የሚያሳፍር ቃል የለበትም። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ጠንቃቃ ነው፤ ወረቀቱን ሌላ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ሰጥቶ ወደ እንግሊዝኛ አስመለሰው። ልቅም ብሎ ያንኑ ሆኖ ተመለሰ። ሜሮን ኮል አድርጋ «ፐርፌክት ነው አሉ፣ እማማ» ስትለኝ፣ የዚያን ቀን ሻማውን ሳሽግ አንገቴ ቀና ብሎ ዋለ።

ወረቀቱ የተሞላው በኢትዮጵያውያን ማኅበር አዳራሽ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ፍስሐ ነበር፣ የሆስፒታል ቢሮ ሠራተኛ፣ በዚያ ሙቀት ከረባቱን የማያወልቅ ሰው። ስለ ቤተሰብ ሕይወት የሚደረግ ጥናት ነው ተብሎ በስልክ ፈቅዶ፣ ሜሮን የሰጠችውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሳያነበው ኪሱ ከተተው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አርባ የሚሆን ሰው መጥቶ በየወንበሩ ተቀምጦ መሙላት ጀመረ። ስም አይጻፍም፤ ሲጨርሱ ሣጥን ውስጥ ይከታሉ። እኔ የማይገባውን ለማስረዳት ቆሜያለሁ። ሰይድ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጠራኝ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ በወር ስንት ጊዜ ያያሉ ይላል። የተከራየነውን ብቻ ነው ወይስ ተውሰን ያየነውንም?»

ዓይኑን ማየት አፈርኩ። «ሁሉንም» አልኩት ግድግዳውን እያየሁ። በልቤ፣ ይሄን ሰው ነው እኔ ስንት ዓመት እንደ ወንድም ያየሁት፣ እያልኩ ነበር። ዞር ብዬ አንዴ ፊቱን ባየው ኖሮ፣ በጣቱ እየቆጠረ ስለ ምን እንደሚያስብ በገባኝ ነበር። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት መሙላቱም ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ዘመኑ እንዲህ ከፍቷል ብዬ አዝኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሣጥኑ ሜሮን ረቡዕ እስክትወስደው ማኅበሩ ቢሮ ተቆለፈበት። ቁልፉ ያለው አቶ ፍስሐ ጋ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኪሱን ሲፈትሽ የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ አግኝቶ አነበበው። እዚያ ላይ ነገሩ በግልጽ ነው የተጻፈው። ሰኞ ቢሮ ገብቶ ሣጥኑን ከፈተው። ይህን አሁንም ጥፋት ነው እላለሁ፤ ግን የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ፈርቶ ነው። ካነበባቸው አንዱ ወረቀት እንዲህ ይላል፤ «በየሳምንቱ እናያለን። ከባለቤቴ ጋር። ቅዳሜ የምንጠብቃቸው ልጆች ካሉ እነሱም ያያሉ፣ በጣም ይወዱታል።» ስም የለውም፤ ግን ከአርባው ሰው ልጅ የሚጠብቅ አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው።

ረቡዕ ሜሮን ሣጥኑን ይዛ እኔ ቤት መጣች። አቶ ፍስሐ መልሶ ዘግቶ ስለሰጣት መከፈቱን ሁለታችንም አናውቅም። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ላፕቶፗ ላይ ትመዘግባለች። የመጀመሪያው «በሳምንት ሁለቴ» ይላል። ሁለተኛው «ከጾም ቀናት በስተቀር ሁልጊዜ»። ሦስተኛው አንዲት ሴት በወፍራም ጽሑፍ «እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ አዋቂ ቤት ሄጄ አላውቅም፣ ፊልሙንም ቤቴ አላስገባም» ብላለች። ሜሮን መጻፏን አቆመች። «እማማ፣ ማለቴ፣ ይሄ ዳታ ትንሽ ስትሬንጅ ነው» አለች። ያን ጊዜ ነው፣ ስም ባይኖረውም ልጆቹ ስለተጠቀሱበት ያወቅኩትን የሰይድን ወረቀት ያነሣሁት። ካዩ በኋላ ለባለቤትዎ ያለዎት ስሜት ተለውጧል ወይ ለሚለው «ፍቅራችን ጨምሯል። መጨረሻው ላይ አብረን እናለቅሳለን» ብሎ ጽፏል። «እናለቅሳለን» የሚለው ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ። አዋቂ። ልጅ ያልሆነ ሰው የሚያየው ፊልም። አርባው ሰው በሙሉ ስለዚያ ስለ ቪዲዮ ቤቱ ፊልም ነው የጻፈው፤ ጠንቋይ መስሏት ከተቆጣችው በቀር።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «ተሳስቻለሁ፣ ቃሉን አፍሬ ደብቄዋለሁ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ከበደኝ። አስተማሪ ነበርኩ እኮ። ተማሪዎቼን አንድ ፊደል ሲያጎድሉ ወረቀታቸውን በቀይ ያቀለምኩ ሴት ነኝ። «ሰው ወረቀት ላይ ይቀልዳል» አልኳትና ሻይ ቀዳሁላት። ሜሮን ግራ እንደገባት ወረቀቱን ሰብስባ ወደ ዴንተን ሄደች።

በማግሥቱ ሐሙስ እንደ ወትሮዬ ዘይነባ ቤት ወርጄ ሻይ ጠጣሁ። ሁለት ልጆች አልመጡም ነበር። ዓርብ ደግሞ ሌላ አንድ ሳይመጣ ቀረ። ሰኞ ዌርሃውስ ውስጥ ከጎኔ የምትሠራው የፍስሐ ሚስት ጆሮዬ ሥር መጥታ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ባሏ ያነበበውን፣ እሷ ለእናቶቹ የነገረችውን፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እያወጡ እንደሆነ፣ ፍስሐ ደግሞ ለስቴቱ ደብዳቤ እያዘጋጀ እንደሆነ። ደብዳቤው ከሄደ ፈቃዱ ይነጠቃል፣ ስሟም አብሮ ይሄዳል። ቴፑን ከሣጥኑ ይልቅ በእጄ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ያበቃ ነበር፤ ቃሉ ግን ያው እኔ የሸሸሁት ቃል ነው። «እስቲ አትቸኩሉ» ብቻ አልኳት።

በዚያው ሳምንት ዘይነባ ወደ እኔ ቤት ወጣች። ሁለት ልጆች ብቻ ነበር የቀሯት።

«ጥሩዬ፣ የሰማሽው ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ። «እናቶቹ ሁሉ ሺፍቴ ተቀየረ ነው የሚሉኝ። የሁሉም ሺፍት በአንድ ሳምንት ይቀየራል?»

«የዚህ አገር ሥራ እንዲህ ነው» አልኳት።

«ልጅ አልመታሁ። ያላማረ ምግብ አላበላሁ። ወላሂ ጥሩዬ፣ ምን እንዳጠፋሁ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር እግሩ ላይ እወድቃለሁ።» ሶፋዬ ጠርዝ ላይ ነበር የተቀመጠችው፣ ልትነሣ እንደተዘጋጀች። እኔም እያወቅኩ ሻይ ላፍላልሽ ብዬ ተነሣሁ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነጋ፤ ወረድኩ፤ ስለ ቤንዚን ዋጋ አውርቼ ተመለስኩ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ሳምንት ሞላኝ። አሁን ሳስበው ራሴን የማላውቃት ሴት ትመስለኛለች፤ ግን እኔው ነበርኩ።

አቶ ፍስሐ ስብሰባ የጠራው ሁለቱ ሳምንት እንዳለቀ በመጣው እሑድ ነው። አዳራሹ ሞላ። ሜሮንም ከዴንተን ተጠርታ መጥታ ጥግ ላይ ቆማለች። ሰይድና ዘይነባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፍስሐ የሚናገረውን የጻፈበትን ወረቀት እያገላበጠ ቆመ። «ማንንም ላዋርድ አልተነሣሁም» አለ። «ልጆቼ ክፍል ኮምፒውተር ነበር። አንድ ቀን ያየሁትን አየሁና ነቅዬ አወጣሁት። እስከ ዛሬ ከልጆቼ ጋር አልተነጋገርንበትም፣ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ይሄ ነገር በሁላችንም ቤት ገብቷል። ስለዚህ የጥናቱ ወረቀት ይቃጠል፣ አዳራሹም ለእንዲህ ያለ ነገር ይዘጋ፣ የቪዲዮ ቤቱም ይፈተሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚጠብቋቸው ልጆች ጋር እናያለን ያሉትን ደግሞ ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለብን።» ያን ሲል ዘይነባ ቀና አለች። የምን ነገር እንደሆነ አልገባትም፤ ስለ እሷ ቤት እንደሆነ ግን ገባት።

ሜሮን ማይኩን ተቀበለች። «ሶ፣ አማርኛዬ ጥሩ አይደለም፣ ሶሪ። አቶ ፍስሐ ፈርቶ ነው፣ ይገባኛል። ግን ወረቀቱን ብናቃጥለው፣ ማለቴ፣ የሚቃጠለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ሰውየው ቤቱ ያየው ነገር አይቃጠልም። ቪዲዮ ቤቱን ቼክ እናድርግ ይላል። ኦኬ፣ ማነው ቼክ የሚያደርገው? ምን ሲያይ ነው መጥፎ የሚለው? እናቴ ፊልም ላይ ሰው ሲሳሳም ዓይኔን ትሸፍን ነበር። ለእሷ እሱም ባን መሆን፣ ማለቴ መከልከል አለበት። እኔ ጥሩ ነው አላልኩም። መጥፎ ነውም አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩት። ለዛ ነው የጠየቅኩት።» ከኋላ አንድ ሰው «በእኛ ባህል እንዲህ አይጠየቅም» አለ። ሌላው «ዝም ብንል ነው የሚብሰው» አለው። አዳራሹ ተንጫጫ። ሰይድ ወደ ዘይነባ ዞሮ የሆነ ነገር ይጠይቃታል፤ እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ማይኩን ከሜሮን እጅ ወሰድኩ። «ወሲብ» አልኩ። የራሴ ድምፅ ከግድግዳው ተመልሶ መጣብኝ። «የወሲብ ፊልም። እኔ መጻፍ የነበረብኝ እሱን ነበር። አፍሬ የአዋቂ ፊልም ብዬ ጻፍኩት። እናንተ የመለሳችሁት ከቪዲዮ ቤት ስለምትከራዩት ፊልም ነው። ሰይድና ዘይነባ ልጆቹን የሚያሳዩት እኔም አብሬ የማለቅስበትን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ መሐል ላይ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ቀስ ብለው ተነሡ። «እንግዲያ እኔ ከጾም ቀናት በስተቀር ብዬ የጻፍኩት ስለ እሱ ነው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሚስታቸው ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትንፈራፈራለች። ሰይድ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ሲስቅ ቆይቶ ሲያለቅስ አየሁት። ፍስሐ መነጽሩን አወለቀ፣ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ቀደደና ሰይድ ጋ ሄዶ ተንበረከከ። ሰይድ በብብቱ ይዞ አነሣው፣ «አብሽር ወንድሜ፣ አንተም ለልጅ ብለህ ነው» አለው። እናቶቹ ዘይነባን ከበቧት። በሚቀጥለው ሳምንት አምስቱ ልጆች ተመለሱ፤ የስድስተኛው እናት ሌላ ቦታ አስመዝግቤዋለሁ ብላ ቀረች።

ሜሮን የሣጥኑን መከፈት ስትሰማ በጣም ነው የተቆጣችው። ለዩኒቨርሲቲው አሳውቃ ወረቀቱን በሙሉ ጥላ እንደገና ጀመረች፣ በዚህኛው ጊዜ ቃሉ በግልጽ ተጽፎ፣ ሣጥኑም ከእጇ ሳይወጣ። የሞላው ሰው ግማሽ እንኳ አይሆንም። የሞሉት ግን በጀርባውም ጭምር ጻፉ አለችኝ፤ ምን እንደጻፉ አልነገረችኝም፣ ልክ ነበረች። እኔ ዛሬም ያ ነገር ይቀፈኛል፤ ይሁን ደግ ነው ብዬ አልከራከርም። ይታገድ፣ ይቃጠል የሚል ሰው ስሰማ ግን ማን አንብቦ፣ ምን ገብቶት እላለሁ። ያን ቀን እሳት ሊገባ የነበረው የአንድ አዛውንት ጾምና የሰይድ እንባ ነው።

ስብሰባው ሲያልቅ ሰይድ መኪናውን ሊያመጣ ሄደና ከዘይነባ ጋር ፓርኪንጉ ላይ ብቻችንን ቀረን። አስፋልቱ ይፋጃል። ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። ሻሿን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለችኝ።

እናቶቹን መስሎኝ ነበር። «የፍስሐ ሚስት ናት የነገረቻቸው፣ በዚያው ሣጥኑ በተከፈተበት ሳምንት ነው» አልኳት።

«እነሱን አይደለም» አለች። «እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

ዘይነባ እኔን አንቺ ከማለት ሌላ ብላኝ አታውቅም። ጎረቤት ከሆንን ጀምሮ ጥሩዬ ነኝ፣ አንቺ ነኝ። መሬቱን እያየሁ «ረቡዕ፣ ወረቀቱን ያነበብን ዕለት» አልኳት። በልቧ ስትቆጥር አየኋት።

«እንግዲያ ሐሙስ ቤቴ ሻይ ሲጠጡ ያውቁ ነበር። ምንጣፌን አጥቤ፣ ድስቴን ሁሉ ፈትጌ፣ ምን ሸተታቸው ይሆን እያልኩ ስጠይቅዎት ያውቁ ነበር» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ቃሉ እኔን አያሳፍረኝም ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። «አላህ ይቅር ይበለን» አለች፣ ከልቧም ነበር። ሰይድ መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ እሷ የፊተኛውን በር ከፍታ ጋቢናውን ለእኔ ለቀቀችልኝና ከኋላ ገባች። በመንገድ ላይ ሰይድ እየሳቀ ያወራ ነበር፣ እኛ ሁለታችን እየሰማን።

አሁን ሌላ ከተማ ናቸው፤ ልጆቻቸውም አድገዋል። ዘይነባ በእሷም በዓል በእኔም በዓል ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። «እንደምን ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው?» ትለኛለች። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ሆና ስትሰማ «ሰዎቹ እንዴት ያከብሩሻል» ትለኛለች።